አረንጓዴ ያደረግሁት ተራራ

ሰው ፎቶ ሲነሳ ትንሽ መዋሸት የተፈቀደለት ይመስለኛል። ካሜራ ፊት ቆሞ ሆዱን ያልሰበሰበ ማን አለ? እናቴ ለመታወቂያ ፎቶ ስትነሳ የጎረቤት ሐብል ተውሳ ነበር፤ ወርቁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ከመዳብ እንደማይለይ እየነገርናት። ዛሬ ደግሞ ስልኩ ራሱ ያሳምረናል። አንዱ ጋ ነካ ሲያደርጉት ማዲያት ይጠፋል፣ ሌላው ጋ ሲነኩት ዕድሜ ይቀንሳል። እኔ አርባን ካለፍኩ ወዲህ ፊቴን በስልክ ማሳመር አሳፍሮኝ ትቼዋለሁ። ይህን ያህል ጨዋ ነኝ። ተራራ ማሳመር ግን ማንን ይጎዳል? ተራራ ባል አይፈልግ፣ ሥራ አያመለክት።

አይጎዳም ብዬ ነበር።

የምኖረው ሊበን ውስጥ፣ ነገሌ ቦረና ነው፤ አስተምራለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ተራራ አለ። ከሰሜን የመጡት ወላጆቼ ተራራ ብዬ ስጠራው ይስቁብኝ ነበር፤ በእነሱ አገር እንዲህ ያለው የበግ መዋያ ጉብታ ነው። ቢሆንም ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ እንድታዩት እፈልጋለሁ። እኔ ጠዋት ከደወል በፊት፣ ማታ ከደወል በኋላ፣ ስልኬን ይዤ እቆምለታለሁ። መጀመሪያ ላይ መንገደኛው ሁሉ "ምን ጠፋብሽ?" ይለኝ ነበር። ሰው የሌለበት ፎቶ ለእነሱ እህል የሌለበት ሰሐን ነው። ኋላ ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው ከአሬሮ፣ ከያቤሎ፣ ከማላውቀው አገር ሁሉ የሚያደንቁኝ ሰዎች በዙ። አድናቆት ደግሞ ያው እንደ ጨው ነው፤ የቀመሰ ይጠማል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ገብቶም ዝናብ አልጣለም። ተራራው አሮጌ ጆንያ መሰለ። አንድ ምሽት ሰማዩ እንደ ፍም ሲቀላ አነሳሁት፤ ሰማዩ አምሯል፣ ከሥሩ ያ ጆንያ ተዘርግቷል። ስልኬን ነካሁ። ቀዩን ጨመርኩ። ከዚያ አረንጓዴውን ወደ ቀኝ ገፋ አደረግሁት፤ ሳሩ ከግርጌ እስከ አናት ለመለመ። እግዜር የከለከለውን በአንድ ጣት ሰጠሁ። "ሊበን፣ ዛሬ ማታ" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩት። አንዱ ከሥሩ "ቲቸር፣ ሳሩ እውነት እንዲህ ሆኗል?" ብሎ ጠየቀ። "አዎ" አልኩት። ለአድናቂ አይ ይባላል?

በሳምንቱ ስኳር ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ። ሸምሱ የጉራጌ ልጅ ነው፤ ለከብት ነጋዴዎች ስለሚሸጥ የአርብቶ አደሩ ወሬ ከሬዲዮ ቀድሞ እሱ ጋ ይደርሳል። ስኳሩን መመዘን ትቶ አየኝ።

"ቲቸር፣ ኦቦ ጃርሶን ታውቂያቸዋለሽ?"

"አላውቃቸውም።"

"እሳቸው ግን ያውቁሻል። የአሬሮ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ፎቶሽን አሳይቷቸው ከብታቸውን ነድተው ወደ ሊበን ተነስተዋል። ጎረቤቶቻቸውም ሊከተሏቸው ነው አሉ።"

ይህን አገር ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቦረና ከብቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት ሣር አይቶ የሚመለስ ሰው ይልካል። የሚላከው የታመነ ሰው ነው፤ አለ ካለ አለ ነው፣ የለም ካለ የለም። በእሱ ቃል ቤት ይፈርሳል፣ ጥጃ ይጫናል። ለካ እኔ ሳላውቀው ተልኬ ኖሯል!

ቁጥራቸውን ከሸምሱ ወስጄ ልደውል ብል ስልካቸው ዝግ ነው። የልጁም ዝግ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ሊከብድ ነው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የሸምሱን ዕቃ በጫነ አይሱዙ ላይ ከሸምሱ ጋር ተሳፍሬ በሚመጡበት መንገድ ወጣሁ። ከሩቅ አቧራ ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ከመንገድ ዳር የወደቀች ላም ባየሁ ቁጥር ደግሞ "ይቺ የእኔ ትሆን?" እላለሁ። ስንቷን እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረስንባቸው። ኦቦ ጃርሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ በትራቸውን የተደገፉ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ከብቶቹ ቆሙ፤ የጎድን አጥንታቸውን ከአይሱዙው ላይ ሆኜ መቁጠር እችል ነበር። ዘልዬ ወርጄ "ሣር የለም!" ልል አፌን ከፈትኩ።

"ናጋ?" አሉኝ።

ናጋ ሰላም ነው፤ ቦረና ደህንነት ሳይጠያየቅ ወሬ አይጀምርም።

"ናጋ" አልኩ።

"ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? አገሩ ናጋ?"

"ናጋ። ናጋ። ናጋ። ናጋ።" ከብት የለኝም፤ አገሩም ናጋ አይደለም። ግን መልሱ ያው ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ሰላም ነው ይባላል። እየማልኩ የምዋሽ መሰለኝ።

ሲበቃቸው "እንግዲህ ተናገሪ፣ ኢንታላ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ተናገርኩ። ሳሩን በስልክ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ተራራው ደርቋል፣ ይመለሱ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ሸምሱ በኦሮምኛ ደገመላቸው፤ እንዳይሳሳትብኝ እኔም በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ደገምኩት። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ነው ያስፈራኝ።

"የሊበን ሰዎች ናቸው የላኩሽ?"

"ኧረ ማንም አልላከኝም፣ አባቴ!"

"ሣር ያለው ሰው ሁልጊዜ የለኝም ይላል። እኔም በደህናው ጊዜ እላለሁ።"

ስልኬን አውጥቼ ያልነካካሁትን የመጀመሪያውን ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን ወስደው ከፀሐዩ ከልለው አዩ፤ ልጃቸውም አየ፤ ተያዩ።

"ያበላሸሽው ይቺኛዋን፣ ደረቋን ነው" አሉና መለሱልኝ።

ሸምሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ቲቸር፣ ለእሳቸው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ዝም በይ" አለኝ። በዚህ መሃል አንዲት ላም ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ሁሉም ሮጠው ቀንዷንና ሆዷን ሲይዙ ጭራዋ ቀረ። ያዝኩት። "ሳቢ!" አሉኝ ኦቦ ጃርሶ። ፊደል ያስቆጠርኩበት እጄ ጭራ ሳበ። ቆመች። ጥቂት ሄዳ እንደገና ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ግን ሳብነውም አልተነሳችም። ሽማግሌው ዓይኗን በእጃቸው ሸፈኑና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። እኔን አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሽማግሌ እርግማን መሬት አይወድቅም ሲባል ነው ያደግሁት።

ሌሊቱን ከከብቶቹ ኋላ በእግር ተጉዘን ተራራው ሥር የደረስነው ጎህ ሲቀድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ጠራ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ጆንያው ታየ፤ እንኳን ሣር ሥሩም የለም። ኦቦ ጃርሶ ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። እኔ ደግሞ እሳቸውን እያየሁ እርግማኑን ጠበቅሁ።

"ሌሎቹ ከኋላዬ ናቸው" አሉ በመጨረሻ። "ቶሎ ንገሪያቸው።"

ይኸው ነው። አልረገሙኝም። የሊበን ሽማግሌዎች ለጥጆች አጥረው ካቆዩት ሣር ለደከሙት ከብቶች ቦታ ሰጧቸው፤ ቦረና ቦረናን አያባርርም፤ የቀሩትን ከብቶች የኦቦ ጃርሶ ልጅ ይዞ ተመለሰ።

እኔም እዚያው ቆሜ የደረቀውን ተራራ አንስቼ፣ ምንም ሳልነካው፣ "ሣር የለም። አትምጡ።" ብዬ ለጠፍኩ። ያደነቀኝ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግን ስልኬ ጮኸ፤ ከዱብሉቅ ነኝ ያለ አንድ የማላውቀው ሰው ነው።

"ናጋ፣ ቲቸር?"

"ናጋ።"

"ከብቱ ናጋ? አገሩ ናጋ?"

"ናጋ፣ ናጋ። ፎቶውን አይተሃል አይደል? ሣር የለም!"

"አይቻለሁ" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ። "ባለፈው እንዲያ ለምልሞ ዛሬ እንዲህ ከደበቃችሁት፣ ብዙ ነው ማለት ነው። እኛ ተነስተናል።"