ጋሽ ይሄይስ ሥጋ ሲመርጡ

ሥጋ ቤት ያለበት ከተማ ሁሉ፣ በሬ የማያርድ፣ ሥጋ የማይሸጥ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ግን የሚፈራው አንድ ሰው አለው። የደብረ ማርቆሱ ክቡር ጋሽ ይሄይስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ።

ሌላው ሰው ኪሎ ይጠይቃል። እሳቸው ቆዳውን አምጣ ይላሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ ታረቀ ከጓሮ ያመጣላቸዋል። ጫንቃው ላይ ቀንበር የላጠውን ቦታ በጣታቸው ይዳስሱና ይፈርዳሉ፤ «ይሄ አንድ ወር እንኳ ሳያርፍ ከሞፈር ወደ ቢላዋ የመጣ ነው።» ከኋላቸው የተሰለፍነው አንድ በአንድ ሹልክ እንላለን።

አንድ ጊዜ አውቶቡሳችን ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። ክቡርነታቸው የምግብ ቤቱን ጓዳ ጎብኝተው ወጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጾም ባልሆነ ማክሰኞ ተሳፋሪው በሙሉ ሽሮ በላ። ሾፌሩም ጭምር።

ከሁሉ የከፋው ክህደታቸው ግን ሌላ ነው። አገሩ ሥጋ የሚወደው ገና ሲንቀጠቀጥ ነው፤ እሳቸው የትናንቱን ይፈልጋሉ። «የዛሬ በሬ መሞቱን ገና አልሰማም» ይላሉ።

ዘንድሮ አባቴ ከአማኑኤል ከተማ እኔ ዘንድ መጣ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የቀሩት ጥርሶች አራት። ሁዳዴ አልቆ ፋሲካም አልፎ መብል እምቢ አለ። ሐኪሙ በሽታ አላገኘሁበትም፣ ካልበላ ግን አይቆይም አለን። እህቴ ታየች ጥብሱን አድቅቃ ከትፋ ብታቀርብለት «ለእኔ አብቅቷል» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጋሽ ይሄይስ ቤት ሄድኩ።

ሦስት ሥጋ ቤት ገብተን ወጣን። ታረቀ ጋ ጭቅናውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑና ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቁ። «ተሰቅሎ ይደር» አሉ።

በማግስቱ የራሳቸውን ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ሥጋውን በሁለት ጣት ውፍረት ቆረጡ። መጥበሻው ጋለ። ታየች ማማሰያ ስታነሣ «ተይው ልጄ፣ ሽሮ አይደለም» አሏት። አንድ ጊዜ ብቻ ገለበጡት። ቅቤ ጣል አደረጉበት፣ አወጡት፣ ሳህን ደፉበትና ማንም እንዳይነካው ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። ቤቱ ቅዳሴ የገባ መሰለ። ሳህኑ ሲነሣ ሥጋውን ክሩን አቋርጠው ስስ አድርገው ከፈሉት። እንዲህ ቢላዋ የታዘዘለት እጅ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአባቴ ዘረጉ። የእንግዳ ጉርሻ አይመለስምና ተቀበለ። አኘከ። ዋጠ። አፉን ደግሞ ከፈተ። ታየች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በስድስተኛው ጉርሻ አባቴ የጋሽ ይሄይስን እጅ ያዘ።

«ሥጋውስ ደግ ነው» አላቸው፤ «ጨው ግን ያንሰዋል።»

ሃያ ዓመት ሳውቃቸው ማንም አርሟቸው አያውቅም። ተነሥተው ጨው ሊያመጡ ጓዳ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«ተው እንጂ» አሉኝ፤ «ይልቅ ጨዉን አቀብለኝ፤ ሥጋው እየቀዘቀዘበት ነው።»