የከይረዲን ክፍት ዶሴዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ከይረዲን ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደው ቁራጭ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ የግድ ማለቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች። አንደኛ፣ የትርሲት መነጽር። ሁለተኛ፣» ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ረቡዕ ንጋት ላይ ልቡ ቆመ። ከቀትር በፊት ቀበርነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ጀምሮ የማይጨርስ አንድ ሰው አለ። እሱ የሌለበት መሥሪያ ቤት ገና ያልተከፈተ ነው። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ እሱ የለም። የእኛው ከይረዲን፣ የጅምር ሁሉ ባላባት፣ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ልጅ ነበር። በወደቡ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለው የትራንዚት ቢሯችን ተቀምጦ፣ ማለትም ሳይቀመጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደውን ጭነት ከወደብ ያስወጣ ነበር። እኔ የመዛግብት ሠራተኛ ነኝ፤ ሙያውንም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬዋለሁ። አንድ ዶሴ ሲያልቅ ሽፋኑ ላይ «ተዘግቷል» ይባላል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ይፈረምበታል። ከይረዲን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ዶሴ በዚህ ሥርዓት አልዘጋም።

የት እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው የሻሂ ብርጭቆዎቹን ይከተል ነበር። ግማሽ ብርጭቆ ፎቶ ኮፒው ላይ፣ ግማሽ መስኮቱ ላይ፣ ግማሽ የእኔ መዝገብ ላይ። ስቆጣ «አቦ ትርሲት፣ መጣሁ» ይልና ይወጣል። ብዙ ነገር እመዘግባለሁ፤ ባለው ሰዓት የተመለሰበትን ቀን ግን መዝግቤ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ሐኪም መርምሮት የትኩረት ችግር አለብህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ የኖረ ነው ብሎታል። ወረቀቱን በማህደሩ እንዳስገባለት አመጣልኝ። ሁለተኛው ገጽ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነበር።

«ትኩረትማ አለኝ» አለኝ፤ «ተቀምጦ አይጠብቀኝም እንጂ።»

እውነቱን ነበር። ጸጥ ያለ ሥራ ያሳምመዋል። ዶራሌ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በአንድ ጆሮው ከሾፌር ጋር በሶማሊኛ፣ በሌላው ከወደቡ ጋር በፈረንሳይኛ እያወራ፣ እኔ የምጽፈውን በዓይኑ ይከታተላል። አንዴ ያየውን የኮንቴይነር ቁጥር አይረሳም። የራሱን ስልክ ቁጥር እኔን ይጠይቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት የጫነ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ዶራሌ ላይ ቆመ። የወደቡ ሹም የማስገቢያ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል ብሎ መልሶታል። ማቀዝቀዣው በፀሐይ ላይ እየደከመ ነበር። ጫቱ ከተማ የሚገባበት ሰዓትም ደርሷል፤ ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት የሚፈርም ሰው አይገኝም። ቢሮው ተተራመሰ። ከይረዲን ሌላ ወረቀት ሲፈልግ ለወደቡ የተሞላውን ቅጽ አነሳ። አንድ ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቦ የማያውቀው ሰው ዓይኑ በቀጥታ ዓመቱ ላይ አረፈ። ቀኑና ወሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተመልሰዋል፤ ዓመቱ ግን 2014 እንዳለ ቀርቷል። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

«ትርሲት፣ ዓመቱ የእኛ ነው» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ወዲያው ቁልፉን ረስቶ ወጣ፣ ተመልሶ ወሰደው፣ ሄደ። ሹሙን ከመኪናው በር ላይ መለሰው። ዓመቱን በራሱ እጅ አርሞ በራሱ ስም ፈረመ። መድኃኒቱ ሳይበላሽ ወጣ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረኪዳን ማን እንደተሳሳተ ጠየቁ። አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኛ» አለ ከይረዲን። «እዚህ ቤት ሌላ ማን አለ?»

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም አመነ። እኔም አላረምኳቸውም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ቁጥር ሰጥቼ በማህደሩ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። የሚሮጠው የእሱ፣ የሚዘጋው የእኔ። ወረቀት አንድ በአንድ እሰጠዋለሁ። የወደቡን የመዝጊያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀንሼ እነግረዋለሁ፤ እንደምዋሸው ያውቃል፣ ያም ሆኖ ይሮጣል። ብልሽት ሲመጣ ከማንም አስቀድሜ እሱን እጠራለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ማስጠንቀቂያ አልተጨመረበትም። አቶ ገብረኪዳን ተሻሻለ ይሉ ነበር። አልተሻሻለም፤ ለእሱ የሚሆነውን ሥራ ሰጠነው እንጂ።

ነገ የግል ማህደሩ ወደ መጋዘን ይወርዳል። አራት ማስጠንቀቂያ አለበት። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የሚያገኘው አንድ ግዴለሽ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ በሥርዓቱ ያደራጀሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አቶ ገብረኪዳን ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው።

«አሁን ምን ይጠቅመዋል?» አሉኝ። «ማስጠንቀቂያው እኮ ወደ አንቺ ይዞራል።»

ይዙር አልኳቸው። አራተኛው፣ የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ላይ የእርማት ገጽ አያይዤ በስሜ ፈረምኩ።

የቀረኝ ማህተም ነበር፤ ከማክሰኞ ወዲህ ያልከፈትኩትን መሳቢያዬን ሳብኩ። መነጽሬ እዚያ ተቀምጧል። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ተሰብሮ ካርቲየ 2 ሰፈር ያለ ጠጋኝ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ከይረዲን አመጣዋለሁ ካለኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ በአሮጌው እሠራ ነበር። ማክሰኞ እኔ ከወጣሁ በኋላ ሄዶ አምጥቶታል። ዘንጉ ጠንክሮ ታስሯል፣ መስታወቱ ተወልውሏል። ማቀፊያው ላይ በእጁ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦

«ተዘግቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2018። በእነሱ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ከይረዲን።» ፊርማም አለው።

ሁለቱን ቀኖች አመሳከርኩ። ልክ ናቸው።