የወለሉ ሊቅ

የቤት ወጪ በካሬ የሚያሰላ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ወገዳ ከተማ አንድ አለን። ግቢ ሲገባ ሰላም ሳይል ወለሉን በእርምጃ ይለካል፤ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎም ዋጋውን ይናገራል። ጎረቤቴ ጋሽ ሙላት አምነውት ቤት ሊሠሩ ጥማድ በሬያቸውን ሸጡ።

እኛ አገር ቤት የሚለካው በቆርቆሮው ብዛት ነው። ጋሽ ሙላት "ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል?" ቢሉት፣ "ጋሼ፣ እሱ ድሮ ቀረ" አላቸው።

ግድግዳው ቆሞ በሩ እንደተገጠመ ገንዘቡ አለቀ። የክረምቱ ሰማይም ጠቆረ። ሊቃችን ሊጎበኝ መጥቶ መሀል ወለሉ ላይ ተገተረ።

"ጣሪያውስ?" አሉት ጋሽ ሙላት።

"እኔ ያሰላሁት ወለሉን ነው።"

ጋሽ ሙላት ወጡና በሩን ከውጭ ቆለፉበት። ዝናቡ ወረደ።

"ጋሼ፣ ኧረ ይክፈቱልኝ!"

"ካሬህ ውስጥ አይደለህ እንዴ? ምን ጎደለህ?"