ጠበል ሲጨመርላት የሚብስባት ሞተሬ

የሞተሬ መሪ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ልጄ ትርንጎ ከክረምቱ በፊት ነው ትላለች። እኔ ከክረምቱ በኋላ ነው እላለሁ። ብቻ ጀመረ።

ያዋረደኝ ቀን ግን አይጠፋኝም። ዛሬ ነው! ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍላችሁ።

ሳቁ፤ አልከለክልም። ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጣና ዳር ዓሣ እየጫንሁ መሸንቲ ገበያ ሳደርስ ኖርሁ። ሞተሬ ያኔ ቀይ ነበረች። አሁን ቀለሟ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

በዚያን ጊዜ ሞተር ሲመጣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያይ ነበር። ሚስቴ ዘውዴ ከኋላዬ እግሯን ወደ አንድ ጎን አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጣለች። አንድ እጇ ወገቤ ላይ ነው። ከመንገዱ ዳር ባለው ዘንባባ ሥር ስናልፍ ንግሥት የጫንሁ ይመስለኝ ነበር። ዛሬማ ባጃጁ በዝቶ ንግሥትም ብትጭኑ ዞር ብሎ የሚያይ የለም!

ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ነፍስ ይማር በሉልኝ።

ወደ ጉዴ ልመለስ።

ዘውዴ ካረፈች በኋላ ትቼው ነበር፤ ካለፈው ክረምት አካባቢ ጀምሮ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሸንቲ ወዲያ ካለው ጠበል በጀሪካን አመጣለሁ። ስሄድ ሞተሬ ምንም አይላትም። ስመለስ አስፋልቱ ላይ ትንሽ ፍጥነት ስጨምር ግን መሪው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ! ጤፍ የሚነፋ ወንፊት የያዝሁ እስኪመስለኝ!

ለትርንጎ ነገርኋት። መንገር አልነበረብኝም!

«አባዬ፣ መሪው አይደለም። እጅዎ ነው» አለችኝ።

«እጄ ምን ሆነ?»

«አረጀ!»

እጄን ዘርግቼ አየሁት። ትክ ብለው ሲያዩት የማይንቀጠቀጥ እጅ አለ እንዴ? እስቲ አሁን የራሳችሁን ዘርግታችሁ እዩ። አያችሁ?

ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ጎበዝ ልጅ ነው። የፊት ጎማዋን ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረ። መሪውን ወዘወዘ፣ የጎማውን ነፋስ ለካ፣ ኩሽኔታውን ፈትቶ አየ፣ ቡሎኑን ሁሉ አጠበቀ። ከዚያ ራሱ ተቀምጦ እስከ ዓባይ ድልድይ በረረባት። ሲመለስ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ!

«ፋዘር፣ ሞተሯ ፐርፌክት ናት» አለኝ።

ቀጥሎ እጄን አየ። ቁልፉን መለሰልኝ። አስተያየቱ ከትርንጎ ቃል ባሰኝ።

ሁለት ጊዜ ጋራዥ ሄድሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠበሉን መጀመሪያ ቤት አውርጄ ነው። ዘይት በተደፋበት፣ ስድብ በሚወረወርበት ግቢ ጠበል ይዞ መግባት ይሆናል? አይሆንም። ለመካኒኩም ጀሪካን እንደምጭን አልነገርሁት። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ምን እንደበላችሁ ሳትጠየቁ ትናገራላችሁ?

እንግዲህ እጄ ነው ብዬ ተቀበልሁ። ለእጅ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ጠበል!

ባለ አምስት ሊትሩን ጀሪካን ትቼ ባለ አሥር ያዝሁ። መንቀጥቀጡ ባሰ። ጠበሉ በሽታውን አግኝቶት ነው፣ መጀመሪያ ያባብሳል፣ አልሁ። ባለ ሃያውን ቢጫ ጀሪካን ያዝሁ። እንዴት ያለ መንቀጥቀጥ መሰላችሁ! ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጫል!

ጠዋት እጠጣለሁ። እጄን እስከ ክርኔ እነክራለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ያው ነው።

ትናንት ትርንጎ ቆረጠች። «አባዬ፣ ነገ የመጨረሻ ይንዷት። እሑድ ከይፋግ ገዢ ይመጣል። እርስዎን ከመንገድ ዳር ከማነሣ ሞተሯ ብትሄድ ይሻለኛል።»

ልቆጣ አሰብሁ። ዓይኗን ሳየው ተውሁት። እናቷን ቀብራለች፤ እኔን ለመቅበር አልቸኮለችም። እሺ አልኋት።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ቅዳሜን በምን ልሂድ? ከዘውዴ ጋር የሄድሁበትን መንገድ ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፌ ልየው?

ዛሬ ለስንብት ብዬ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላሁት። ስመለስ፣ ከተማው መግቢያ ላይ መሪው እንዲህ ተወራጨ፣ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ላብ በላብ ሆንሁ። እንደምንም ቀስ እያልሁ ወደ ሐይቁ ዳር ታጠፍሁና ጀልባ ሠሪው ወዳጄ ዘንድ ቆምሁ።

ይህ ሰው የድሮ ጓደኛዬ ነው። በወጣትነታችን እሱ ከጎርጎራ የመጣውን ዓሣ ከጀልባ ያወርዳል፣ እኔ በሞተር አነሣለሁ። እሱ በዒዴ ና ይለኛል፣ እኔ በፋሲካዬ ና እለዋለሁ። ሞተር ነድቶ አያውቅም። ብስክሌትም አይሞክርም።

«ምነው አመድ መሰልህ?» አለኝ።

«እጄ አበቃለት። ነገ ሞተሯ ትሸጣለች።»

ምስማር አቀበለኝ። «እዚህ ሳንቃ ላይ ያዝልኝ።»

ያዝሁ። መዶሻውን አነሣ። ጓ! ጓ! ጓ! ሌላ ምስማር ሰጠኝ። ያዝሁ። ጓ! ጓ!

«አውራ ጣትህ አለች?»

«አለች።»

«የሚንቀጠቀጥ እጅ ቢሆን ኖሮ አሁን ለዓሣ ቀለብ ነበረች» አለና ወደ ሞተሯ ሄደ።

ዙሪያዋን ዞረ። ጀሪካኑ ከመቀመጫው ኋላ፣ ከጎማውም አልፎ በወጣው የዕቃ ብረት ላይ ነው የታሰረው፤ እኔው ራሴ በከመነዳሪ፣ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ፣ ጠፍሬ ያሰርሁት። ወዳጄ ጀሪካኑን በመዳፉ ጫን ሲያደርገው የፊት ጎማዋ ከመሬት ብድግ ልትል ምንም አልቀራት።

«ታንኳ ላይ ጭነቱን ሁሉ ከኋላ ብትከምረው ምን ትሆናለች?» አለኝ።

«አፍንጫዋ ይነሣል።»

«ከዚያስ?»

«ትዋልላለች። መቅዘፊያውም አያዛትም...»

ዞር ብዬ ጀሪካኑን አየሁት።

«ሞተርህ አፍንጫ የላትም?» አለኝ።

መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አስጋሪዎች ይሰሙ ኖሯል። ሳቁን ለቀቁት!

«አያ ምስጋናው! ሞተርዎ ሰይጣን አለባት፤ ጠበል ሲነካት ትንዘፈዘፋለች!»

«ያስለፍልፏት እንጂ! ስሟን ትናገር፣ ከየት እንደያዛት ትናገር!»

እኔም የሳቅሁ መሰልሁ። ውስጤ ግን፣ አይ አንተ ሽማግሌ፣ ያን ሁሉ ወር ለእጅህ ብለህ የጫንኸው መድኃኒት ነው ያንቀጠቀጠህ፣ ይለኛል። በጨመርሁ ቁጥር የባሰብኝ ለካ ሊትሩ ነው!

ወዳጄ አልሳቀም። «ይህን የመሰለ ሰፊ መቀመጫ እያለ ምን ብለህ ጅራቷ ላይ ሰቀልኸው?» አለኝ።

 

«የዘውዴ ቦታ ነዋ» አልሁት። «ከሞተች ወዲህ ሰውም ዕቃም አላስቀመጥሁበትም።»

አስጋሪዎቹ ወደ መረባቸው ተመለሱ። 

ወዳጄ መዶሻውን አስቀመጠ። «እትዬ ዘውዴ በሕይወት ሳሉ ጠበሉን ማን ይይዘው ነበር?»

«እሷ። ጭኗ ላይ አድርጋ።»

«ያኔ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«አንድም ቀን!»

«እንግዲያማ አንተ ነህ ጠበሉን ከቦታው ያስነሣኸው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጠበላችሁን ብነካው ይከፋሃል?»

«ኧረ ንካ፣ ወንድሜ።»

ከመነዳሪውን ፈታ። ጀሪካኑን አነሣ። ቆቡን አጠበቀና... ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዘውዴ ቦታ ላይ እሱ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠ! ጠበሉን እንደ ሕፃን ታቀፈው።

«ንዳ!» አለኝ። «አላህ ያውቃል፣ እኔ እንደሆንሁ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።»

ነዳሁ።

ሠላሳ። አርባ። እጄ ላብ በላብ ነው። ሃምሳ። እዚህ ላይ ነበር የሚጀምረው። ጠበቅሁ።

ምንም!

ስልሳ! መሪው ረግቷል፤ ነፋስ እንደሌለበት ጠዋት እንደ ጣና ረግቷል!

«ቀስ! ቀስ በል አንተ ሰው!» ይጮሃል ከኋላዬ።

ዘውዴም እንዲሁ ነበረች። ቀስ ብዬ ስነዳም «ቀስ!» ትላለች። ቆሜ ሳለሁም ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሆኖ «ቀስ!» ያለኝ ሰው አልነበረም። ነፋሱ ነው መሰል ዓይኔ ውኃ አቀረረ። ነፋሱ ነው በሉ።

ትርንጎ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አባዬ! ደግሞ ማንን ጫኑ?» አለች። ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ቢጫ ጀሪካን ታቅፎ ስታይ በሩን ለቅቃ ወደ እኛ መጣች። ነገርናት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ይፋግ ላለው ገዢ ደወለችና «ሞተሯ አትሸጥም» አለች።

ቅድመ ሁኔታ አላት፤ ከሃምሳ አላልፍም፣ ጠበሉ መቀመጫው ላይ ይታሰራል፣ ጀሪካኑም ባለ አምስት ነው። ፈረምሁ!

ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ የበሽታውን መንሥኤ መድኃኒት ነው ብሎ ከኋላው ጠፍሮ የሚዞር ሌላ ሰው አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ኮሜንት ላይ የመካኒኩን አድራሻ አምጣ እንዳትሉኝ። ነገሩን ያወቀው መካኒክ አይደለም። የዘውዴ ቦታ ላይ ሰው እንዲቀመጥ ሦስት ዓመት እንቢ ስል የኖርሁትን እኔን ሳይለምን፣ ሳይመክር፣ ዝም ብሎ ወጥቶ የተቀመጠው ጀልባ ሠሪው ይማም ነው።