ቅጠሉስ የታለ?

በየሰፈሩ የሰው ሳህን የሚቆጣጠር አንድ ሰው አይጠፋም። ጂንካ ውስጥ ዕጣው የወጣው ለእኛ ሰፈር ነው። ክቡር የጉሮሯችን ሚኒስትር ጋሽ ሶርሳ እንጀራቸው ከብት ንግድ ነው፤ ሙያቸው ግን የሌላውን ሰው ምሳ ማየት።

አንድ ቀን በሬዲዮ ሐኪም ስለ አፍና ጉሮሮ ካንሰር ሲናገር ሰሙ። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትር ሰው የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ትምባሆና መጠጥ ግን ዕድሉን ይጨምራሉ ነበር የተባለው። ጋሽ ሶርሳ ይዘው የቀሩት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ጥብስ ሲቀርብ «ቅጠሉስ የታለ?» ይላሉ፤ ለቅሶ ቤትም አይምሩም። ፓስተሩን ጾም ጸሎት ውለው ሲወጡ በር ላይ ጠብቀው ፓፓያ አስይዘዋቸዋል። እኔ ቤትማ ሳያንኳኩ ገብተው የድስቱን ክዳን ያነሣሉ። ሽሮ ብቻ ካገኙ ከጓሯቸው የሽፈራው ዛፍ ቅጠል ቆርጠው ይመለሳሉ።

ይህን ሁሉ የሚሰብኩት ትምባሆ ጉንጫቸው ውስጥ ወትፈው ነው። ዲመካ ገበያ ከብት ሻጩ ትምባሆ ሲዘረጋላቸው እምቢ ማለት ነውር ነው ባይ ናቸው። ስንቆጣቸው፣ ጎመኑ ያጥበዋል ይሉናል።

አምና ጉንጫቸው ውስጥ ነጭ ቁስል ወጣ። ጥርስ ነው አሉ፤ ሰነበተ፣ አልሻረም። አንድ ቀን ቤቴ ገብተው ክዳኑን ሳያነሡ ቁጭ አሉ። ያኔ ፈራሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው መሬት መሬት እያዩ፣

«ካንሰር ነው ቢሉኝስ?» አሉኝ።

እንደ ልጅ ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ከቁስሉ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ሰፈሩ ጭር አለ፤ የማንም ሳህን ጠያቂ አጣ።

ካንሰር አልነበረም። ትምባሆው ካልቆመ ግን ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ቁስል ነው ተባሉ። ጋሽ ሶርሳ ስለ ጎመናቸው ጠየቁ።

«ይብሉ አባቴ፣ ጎመኑ ይጠቅምዎታል» አለች ሐኪሟ። «ትምባሆውን ግን አያጥብልዎትም።»

አሁን ዲመካ ሲሄዱ ማንጎ ይዘው ነው። ትምባሆ ሲዘረጋላቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አመስግነው ይመልሱና ማንጎውን ይሰጣሉ። ሻጩ እየሳቀ ይበላል፤ ገበያውም አልቀረባቸውም።

ትናንት ሳያንኳኩ ገቡ። ክዳኑን አነሡ። ሽሮ ብቻ ነው።

«ቅጠሉስ የታለ?»

ጎመኑን ጓዳ የደበቅሁት ይህቺን ለመስማት ነበር።