ቀዛፊው ጀርባውን ለማን ይስጥ? የሸዋ በር ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የጀልባ ግዢ ስብሰባ

እሑድ የካቲት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሐረር ሸዋ በር፣ በወይዘሮ በለጡ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል። ስብሰባው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነበር። ሊቀመንበሩ፣ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሰው ሁሉ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት ብለው ደጅ ስለቆዩ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተከፈተ።

የተገኙ፦

ባላምባራስ ሀብተወልድ፣ ሊቀመንበር። ዓሣ በሥዕል አይተዋል።
አሥር አለቃ እንደሻው፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጡረተኛ። ባላምባራስ ያሉትን ይደግፋሉ፤ ሊሉ ያሰቡትንም ይደግፋሉ።
መምህር ጌታቸው፣ አባል። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ ይህንንም በየስብሰባው ያስታውሱናል።
ወይዘሮ በለጡ፣ አባል፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፤ ቤቱ የኪራይ ነው።
አቶ ሙሳ፣ ጀልባ ሻጭ፣ ከዓለማያ ሐይቅ ዳር። ድምፅ የላቸውም።
ግርማ፣ ጸሐፊ። ድምፅ የለውም፤ ጽሕፈቱ ስለሚያምር ተመረጠ።

ያልተገኙ፦ ሦስት። ሁለቱ ታመዋል፤ ሦስተኛው ታምሜአለሁ ብለው ከላኩ በኋላ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሲመርጡ ታይተዋል።

በደንባችን መሠረት አምስት አባል ካልተሟላ ስብሰባ የለም። የተገኘው አራት ነው። አሥር አለቃ እንደሻው፣ ባላምባራስ ስለ መዓረጋቸው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠሩ ሲሉ አሳሰቡ። ባላምባራስ «ኧረ ይሄስ ለእኔ ይበዛል» ብለው ሁለቱንም እጆቻቸውን አወጡ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ አንድ። አቶ ሙሳ የሚሸጡትን አሮጌ ጀልባ ስለ ማየት።

ወይዘሮ በለጡ እንዲህ ሲሉ አስረዱ። እሳቸው የሚኖሩት ጥብስ ሸጠው ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ቤታቸው ባዶ ይውላል። የዓምናውን ሁዳዴ ኪራይ የከፈሉት የጆሮ ወርቃቸውን ሸጠው ነው፤ ዘንድሮ የቀረ ጆሮ እንጂ ወርቅ የለም። አከራዩም ኪራይ አንድ ቀን ቢያልፍ ቤቱን ይልቀቁ ብሏል። ከመዋጮው የሚበዛውን ያወጡትም ለጾሙ ዓሣ እንዲደርስላቸው ነው። ባላምባራስ፣ የግል ጉዳይ በስብሰባ አይነሣም ሲሉ አስገነዘቡ።

ጀልባው ከዓለማያ በጭነት መኪና መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ይህ የሆነው ባላምባራስ «ዕቃ ወደ እኔ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ ዕቃ አልሄድም» ስላሉ ነው። አሥር አለቃ እንደሻው በሠራዊቱ ውስጥ በቅሎ ይመርጡ ስለነበር እንዲመረምሩት ተወከሉ። ጎኑን በጥፊ መቱ፤ በኋላው በኩል ሲያልፉ እንዳይራገጥ ራቅ ብለው ዞሩ፤ ቀጥለውም ዕድሜውንና አመሉን ጠየቁ። አቶ ሙሳ «ወላሂ አመል የለውም። አንድ ቦታ ያንጠባጥብ ነበር፤ በሬንጅ ደፍኜዋለሁ» ሲሉ መለሱ። እስከ ማታ ካልተገዛ የድሬዳዋ ሰው እንደሚጠብቃቸውም አክለው ገለጹ።

በሣጥኑ ያለው ብር ጀልባውን፣ መቅዘፊያውንና መረቡን ልክ ይገዛል። ከዚያ የሚተርፍ ሰባራ ሳንቲም የለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጀልባው ጀልባ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ታመነ።

አጀንዳ ሁለት። በጀልባው ውስጥ ስለሚኖረው አቀማመጥ።

ባላምባራስ በጀልባው እንደሚሄዱ ሲያሳውቁ፣ ወይዘሮ በለጡ «ለመሆኑ እርስዎ እዚያ ውስጥ ምን ሊያደርጉ ይገባሉ?» ብለው ጠየቁ። ባላምባራስ ሊቀመንበር ያልተቀመጠበት ጀልባ ከተንሳፋፊ እንጨት በምን እንደሚለይ መልሰው ጠየቁ። ባላምባራስ ከፊት እንዲቀመጡ ተወሰነ።

አቶ ሙሳ ፈቃድ ጠይቀው፣ የሚቀዝፉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ቀዛፊ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንደሚቀዝፍ፣ ስለዚህ ባላምባራስ ከፊት ከተቀመጡ ጀርባቸውን እንደሚሰጧቸው አስረዱ። ጉባኤው ደነገጠ። አሥር አለቃ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ለባላምባራስ ጀርባ? በእኔ ፊት?» አሉ።

አቶ ሙሳ፣ ጌቶች ከኋላ ቢቀመጡ ፊት ለፊት እየተያዩ መሄድ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። ባላምባራስ «ከኋላ የሚሄደው አጋሰስ ነጂ ነው» ሲሉ ሐሳቡን ውድቅ አደረጉት።

አሥር አለቃ፣ ቀዛፊው አንገቱን ብቻ ወደ ባላምባራስ መልሶ እንዲቀዝፍ ጠየቁ። አቶ ሙሳ «ያ ረቢ! የእኔ አንገት የጉጉት ነው እንዴ?» አሉ። መልሳቸው አክብሮት የጎደለው ነው ተብሎ ተመዘገበ።

መምህር ጌታቸው፣ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ችግር በመመሪያ እንደሚፈታ ገልጸው፣ የጀልባው ኋላ ከዛሬ ጀምሮ ፊት ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። በጭብጨባ ጸደቀ። አቶ ሙሳ «መልካም፤ ለውሃው ማን ይነግረዋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ድምፅ የሌለው ሰው እንዳይጠይቅ ተወሰነ። ወዲያው ግን ባላምባራስ በዚህ ዓይነት ጀልባው ሲሄድ እሳቸው ወደ ኋላ እንደሚጎተቱ ስለተገነዘቡ ውሳኔው ተሻረ።

በመጨረሻ በባላምባራስና በቀዛፊው መካከል መጋረጃ እንዲጋረድ ተወሰነ፤ ያልታየ ጀርባ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ለባላምባራስም ከፀሐይ መከለያ ድባብና የጥጥ ትራስ እንዲገዛ ተጨመረ።

አጀንዳ ሦስት። ብሩን ስለ ማብቃቃት።

ገንዘብ ያዡ ሲደምሩ መጋረጃው መረቡን በላው። መረቡ ለከርሞ እንዲቆይ ተወሰነ። እንደገና ሲደምሩ ድባቡና ትራሱ መቅዘፊያውን በሉት። መቅዘፊያውም ለከርሞ እንዲቆይ ተወሰነ።

ወይዘሮ በለጡ «ዓሣውን በምን ልንይዘው ነው? በመጋረጃው?» አሉ። መምህር ጌታቸው ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ። ወይዘሮ በለጡም «የሁዳዴ ኪራይስ ከአጀንዳው ውጭ ነው? የኔ ጌታ፣ እርስዎ ደመወዝዎ በጾምም በፍስክም ይመጣል!» አሉ፤ ከዚህ በላይም ብለዋል፤ ሊቀመንበሩ ስላልወደዱት አልተጻፈም።

ባላምባራስ፣ ሥነ ሥርዓት የማይጠብቅ አባል መውጣት ይችላል፣ በደንቡም መሠረት የወጣ አባል መዋጮውን በዕለቱ ይዞ ይሄዳል ሲሉ አስጠነቀቁ። ወይዘሮ በለጡ «በሉ እንግዲያው ቁጠሩልኝ» አሉ። ጉባኤው ደስ ብሎት በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። ተቆጥሮ ተሰጣቸው። አቶ ሙሳንም «ና እስቲ ወንድሜ፣ ውጭ እንነጋገር» ብለው ይዘዋቸው ወጡ።

አባላቱ ሦስት ስለቀሩ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። ባላምባራስ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠሩ ተባለ። በዚህ ጊዜ ይበዛል አላሉም።

አጀንዳ አራት። የመጋረጃውን ቀለም ስለ መምረጥ።

አሥር አለቃ ቀይ አሉ፤ መምህር ጌታቸው አዲስ አበባ ያዩትን ሰማያዊ አሉ። ክርክሩ እየጋለ ሳለ ከግቢው የጭነት መኪና ድምፅ ተሰማ። ስብሰባውን ስለሚረብሽ መስኮቱ እንዲዘጋ ተወሰነ። ተዘጋ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቀይ ሆነ።

ጨርቁን ለመለካት ጉባኤው ወደ ግቢ ወጣ። የሚለካበት ጀልባ አልነበረም። ወይዘሮ በለጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድስት ያጥቡ ነበር። ሲጠየቁም፣ ጀልባውን ከነመቅዘፊያው ከነመረቡ በመዋጯቸው እንደያዙት፣ በጭነት መኪናውም ወደ ዓለማያ እንደተመለሰ፣ የጎደለውን አቶ ሙሳ ከዓሣው ሽያጭ እንደሚያገኙት፣ የሚቀዝፉትም ራሳቸው አቶ ሙሳ እንደሆኑና ጀርባቸውን ለፈለጉት እንደሚሰጡ ተናገሩ። ባላምባራስ «ያለ ስብሰባ ጀልባ ይገዛል?» ቢሉ፣ ወይዘሮ በለጡ «ስብሰባማ እዚህ ነበረ፤ መስኮቱን ዘጋችሁት እንጂ» አሉ።

ልዩ ልዩ።

ማኅበሩ እንዳይዋረድ የሚከተለው በአምስት ድምፅ፣ ማለት በሦስት ሰው፣ ተወሰነ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ፊቱ ፊት፣ ኋላውም ኋላ ሆኖ ይቀጥላል፤ ማኅበሩ ጀልባ ፈልጎ አያውቅም፤ ባላምባራስም ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሰው ናቸው። አንድ ሰው ከሆኑ ይህንን ለመወሰን ድምፅ አይበቃም ሲል ጸሐፊው ቢያመለክት ዝም ብለህ ጻፍ ተባለ፤ ጽፏል።

ባላምባራስ ከመውጣታቸው በፊት ወደ ማጀቱ ጎራ ብለው፣ የሁዳዴ ዓሣ ሲጀመር ከፊት በኩል አንድ ወንበር ይጠበቅላቸው እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ። ወይዘሮ በለጡ ድስቱን ሳያስቀምጡ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ይምጡ ጌታዬ፣ ቤትዎ ነው። ባዶ ያገኙበት ይቀመጣሉ።»

ጠረጴዛው ለእራት ደንበኞች ስለተፈለገ ጉባኤው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣ፤ ከወንበሮቹም ላይ እንዲነሣ ተደረገ።