የዊልፍ ናትራስ «ገና ናት»

ቄስ የሌለው መንደር አለ። ሐኪም የሌለውም ሞልቷል። የኛው መንደር ሁለቱንም ካጣ ቆይቷል፤ ከሦስቱ መጠጥ ቤቶቹም የቀረው አንድ ነው። ቡችላህ ገና እንዳልደረሰች የሚነግርህ ሰው የሌለበት መንደር ግን በመላው የእንግሊዝ ደርሃም አውራጃ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ይህ ሰው ተጠርቶ አይመጣም። ቡችላዋን ኮትህ ውስጥ ሸጉጠህ፣ ከሚስትህም ከጎረቤትህም ደብቀህ ታስገባለህ፤ በሩን ሳትዘጋው አጥርህ ላይ ተደግፎ ታገኘዋለህ። መዳፏን ያያል፣ ጆሮዋን ገልብጦ ያያል፣ ከዚያ አንተን ያያል፤ አንተን የሚያይበት ጊዜ ይረዝማል። ፍርዱም አንድ ነው፦ «ገና ናት።» ይግባኝ የለውም።

የኛው ክቡር ሊቀ ጠበብት ዊልፍ ናትራስ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው፣ ጉድጓዱ በተዘጋ ማግስት ከመሬት በታች የነበራቸውን ሥልጣን ወደ መሬት በላይ አዛወሩት። መንበራቸው ከቤቶቹ ጀርባ፣ ከጎመንና ከሽንኩርት መደቦች መሃል በአሮጌ በሮች የተሠራች ዳስ ናት። ሰባት በር አላት፤ የሚከፈተው አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማንም አይናገሩም። የማታ ጥንቸል አዳኝ ውሾች የሚማሩት እንግዲህ እዚያ ነበር።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጨረቃ የሌለበት፣ ነፋስ ያለበት ምሽት ትመርጣለህ። አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ ውሻ። ብርሃኑ ያረፈባት ጥንቸል ድርቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ውሻዋ ትለቀቃለች፣ በቃ። ገበሬው ገብሱ ይተርፍለታል፣ ያንተም ድስት ይሞላል። የአንድ ቅዳሜ ትምህርት ይመስላል። የዊልፍ ትምህርት ግን አሥራ አራት ወር ይፈጅ ነበር።

የመጀመሪያውን ስድስት ወር ቡችላዋ ከመብላት፣ ከመተኛትና ሲጠሯት ከመምጣት በቀር ሥራ የላትም። «እኔም የምፈልገው ይህንኑ ኑሮ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን። «አንተ ሲጠሩህ አትመጣም» አሉኝ። ከዚያ ጨርቅ የታጨቀበት ካልሲ የጥንቸል ቆዳ ይሰፋበትና በሁለት ቤቶች ግድግዳ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ይወረወርላታል፤ ይዛው ወደ አንተ ከመመለስ ሌላ መሄጃ እንዳይኖራት። ከዚያ በበግና በዶሮ መሃል አንገቷን ሳታዞር ማለፍ። ከዚያ ዝም ማለት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የዊልፍ ውሾች ግን በበሉበትም ባልበሉበትም አይጮኹም፤ ሩጫ ላይ የምትጮኽ ውሻ የሜዳውን ጥንቸል ሁሉ ጉድጓድ ታስገባለችና። የመጀመሪያ ማታዋም ከሦስት ሩጫ አያልፍም። ሜዳው በጥንቸል ቢሸፈን እንኳ ሦስት። «ጠግባ ሳይሆን ናፍቃ ትግባ» ይሉ ነበር።

ከሁሉም በላይ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበራቸው። ማታ የምትሮጥበትን መስክ በዚያው ቀን በእግርህ ትዞረዋለህ። ሽቦውን፣ ቦዩን፣ ገበሬው ጥሎት የሄደውን ብረት በዓይንህ ታያለህ። ትናንት አይቼዋለሁ ማለት አይሠራም።

አንድ ጊዜ ከኒውካስል አንድ ሰውዬ የዘር ሐረጉ የተጻፈለት ውሻ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ወርቃማ ጠርዝ አለው። ዊልፍ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ሰባተኛው ቅድመ አያት ድረስ አነበቡት። አጥፈውም መለሱለት። «ወረቀቱ ደርሷል፤ ውሻው ገና ነው» አሉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብትሏቸው «እንቁላሉ ስንት ወሩ ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ።

ከውሻም አልፈው ሁሉን ነገር «ገና» ይሉታል። ሻይ ልትቀዳ እጅህን ስትዘረጋ በራዱን በመዳፋቸው ይከድኑታል። እህቴ እጮኛዋን ይዛ ስትመጣ ከእግር እስከ ራሱ ቃኝተው «ገና ነው» አሉ፤ ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፣ ፖሊስም ነበር። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሳገባ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጆሮዬ ሥር ያንኑ አሉኝ። ተቀየምኳቸው። ሚስቴ በሁለተኛው ዓመት ጥላኝ ስትሄድ መቀየሜን ተውኩት።

ጥፋቴን የሠራሁት በዚያው ዓመት የብርድ ወራት ነው። ፍላይ የምትባል ቡችላ ነበረችኝ፤ ከባዶው ቤቴ የቀረችልኝ እሷ ነበረች። ዘጠኝ ወሯ ቢሆንም እንደ ነፋስ ትሮጥ ነበር። ዊልፍ «ገና ናት» አሉ። እኔ «ሽማግሌው ቀንተው ነው» አልኩና አንድ ማታ ብቻዬን ይዣት ወጣሁ። መስኩን በቀን አልዞርኩትም፤ ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ ብዬ። ገበሬው ለካ ረቡዕ ዕለት በመሃሉ አዲስ እሾሃማ ሽቦ ዘርግቶ ኖሯል። ጥንቸሏ ከሥሩ ሾለከች። ፍላይ ሽቦውን አላየችውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የለቀምኩት ምን እንደነበር አልጽፈውም። ታቅፌያት ወደ ዊልፍ ቤት ሮጥኩ። በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱልኝ፣ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አድርገውም እስክትሞት ድረስ ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። «ብዬህ ነበር» አላሉም። «በቀን አልዞርክበትም?» ብቻ አሉ። መቃብሯንም አብረውኝ ቆፈሩ፤ መቆፈር ያውቁበታል።

ከዚያ ወዲያ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ወጥቻለሁ። መብራቱ የሚሠራበትን ከባድ የሞተር ብስክሌት ባትሪ በጀርባዬ ተሸክሜያለሁ፤ ሻይ ተሸክሜያለሁ፤ ጥንቸል ተሸክሜያለሁ። መብራቱን ግን አንድም ቀን አላስያዙኝም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

አምና ዓይናቸው መሄድ ጀመረ። «ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ መሃሉ ነው የጠፋው» ይሉ ነበር። የከተማው ሐኪም የማይመለስ ነው አላቸው። ያኔ ሬን የምትባል ቡችላ ነበረቻቸው፤ የሩጫ ውሻና የእረኛ ውሻ ድቅል፣ ግራጫ፣ እግሯ ከእሷ ቀድሞ ያደገ። አሥር ወሯ ነበር። የመጨረሻቸው እንደሆነች እሳቸውም እኛም እናውቃለን። ልጃቸው ሞሪን ደግሞ ጥር ሲገባ ወደ ከተማ ልትወስዳቸው ቤት አግኝታላቸዋለች፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ውሻ የማይፈቀድበት።

መጠጥ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሊመክራቸው ሞከረ። ደፍሮ የተናገረው እርግብ አርቢው ኧርኒ ነው፤ ከጉድጓድ ጀምሮ ባልንጀራቸው። «ዊልፍ፣ ዓይንህ ጨርሶ ሳይጠፋ ልቀቃትና እያት እንጂ! አራት ወር ምን ለውጥ ያመጣል? ማን ይፈርድብሃል?»

«እሷ» አሉ ዊልፍ።

«አንድ ቀን እንኳ ስትሮጥ ሳታያት ልትቀር ነው?»

«አንተ ኧርኒ፣ የኔ ዓይን ስለደከመ የእሷ አጥንት ይጠነክራል?» ብለው ቢራቸውን ጨለጡ።

ኧርኒ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ማልቀሴን ሰው እንዲያይብኝ አልፈለግኩም።

እንዲህ ያለ ግትር ሰው! ጠበቋት። በጥቅምት የጋዜጣው ፊደል ጠፋባቸው፣ በኅዳር የራሳቸው እጅ። በታኅሣሥ ሬን አሥራ አራት ወር ሞላት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የገበሬውን የኮልታርድን መስክ ልንዞር ወጣን። በአንድ እጃቸው ክርኔን ይዘው፣ በሌላው በከዘራቸው የአጥሩን ሽቦና እንጨት እየነኩ፣ ቋሚ በቋሚ። ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

«መቶ አሥራ ሁለት ቋሚ» አሉ ስንጨርስ። «አንተ ስንት ቆጠርክ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ገና ነህ።»

ማታ ግን የመስኩ በር ላይ ቆመው መብራቱን ከትከሻቸው አወረዱና ዘረጉልኝ። ትንሽ ስተውኝ ነበር፤ የዘረጉት ወደ ባዶ አየር ነው። ተጠግቼ ተቀበልኳቸው። «ያዝ፣ አንተ ልጅ» አሉ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

በግራዬ በኩል ቆሙ፣ ሬንን ይዘው። መብራቱን አዙሬ አንዲት ጥንቸል አገኘሁ፤ ከአጥሩ ርቃ ሜዳው መሃል ተቀምጣለች።

«የት ናት?»

«መሃል ላይ። ስድሳ እርምጃ።»

ለቀቋት። እንደዚያ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። ጥንቸሏ ታጠፈች፣ ሬንም ታጠፈች፤ እንደገና ታጠፈች፣ እሷም እንደገና። አንድ ክንድ ሲቀራት ጥንቸሏ የቁጥቋጦው አጥር ውስጥ ገባችባት።

«እ?» አሉ ዊልፍ። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ይጠብቁኛል።

«ያዘቻት!» አልኩ። ምን ልበል?

«ብትይዛት ጥንቸሏ ትጮኽ ነበር። በእርጅናህ መዋሸት ጀመርክ? መብራቱን አጥፋ።»

አጠፋሁ። ይህም ከትምህርታቸው ነው። ውሻዋ ስትስት መብራቱ ይጠፋል፣ እሷም ፍለጋዋን ትታ ወደ ጌታዋ ትመለሳለች። ብዙ ቡችላ ግን በመጀመሪያው ማታ አይመለስም፤ አጥር ለአጥር እያሸተተ ሌሊቱን ይፈጃል፣ ሽቦውም ያለው እዚያው ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ እሳቸውና እኔ እኩል ነበርን፤ ለሁለታችንም የሚታይ ነገር የለም። ፍላይ ትዝ አለችኝ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። አላስችል ብሎኝ ላፏጭ ትንፋሼን ስስብ ሰሙኝ መሰለኝ፣ እጃቸው ክንዴ ላይ አረፈ።

«ገና ናት» አሉ።

ከዚያ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። በእኔ አጠገብ አልፋ ወደ እሳቸው ሄደች። ተንበረከኩ፤ ደረቷን፣ እግሮቿን፣ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ሲዳስሱ ይሰማኛል። አንዲት ጭረት አልነበረባትም።

«ደርሳለች» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ግን እኮ አልያዘችም» አልኩ፣ ውሸቴን ረስቼ።

«መያዝማ ድመትም ይይዛል። ጨለማ ውስጥ ጥንቸሏን ትታ የምትመጣ ስንቷ ናት? በቃ፣ ወደ ቤት።» ማሰሪያዋንም እጄ ላይ ጠቀለሉት፣ ሁለት ዙር። ያንተ ናት አላሉኝም፤ ተንከባከባት አላሉኝም። ሬን ያን ማታ እኔ ቤት አደረች።

ጥር ላይ ሞሪን በመኪና ስትወስዳቸው ውሻዋን ለስንብት ላምጣት ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አታምጣት» አሉኝ። «ተከትላኝ ልትመጣ ትፈልጋለች። አትምጪ ልላት ነው፤ እኔ ደግሞ ነይ እንጂ አትምጪን አላስተማርኳትም።» የመኪናውን መስኮት ዘጉት።

እሑድ እሑድ ይደውሉ ነበር። ደህና ነህ ወይ ብሎ ነገር የለም። «በቀን ዞርክበት?» «ዞርኩ።» «ስንት ቋሚ?» እነግራቸዋለሁ። «ስንት ሮጠች?» «ሦስት።» «ይበቃታል» ብለው ይዘጉታል። መጋቢት ላይ አንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ። ሰኞ የደወለችው ሞሪን ነበረች።

ቀብራቸው ላይ ሣጥኑ ሲወርድ «ገና ነኝ» የሚል ድምፅ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። ኧርኒም እንደጠበቀ ነግሮኛል።

አሁን ያ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀረሁም። ባለፈው ወር ዳቦ ጋጋሪዋ ቡችላ ገዝታ ስትገባ ራሴን አጥሯ ላይ ተደግፌ አገኘሁት። መዳፏን አየሁ፣ ጆሮዋን አየሁ፣ ፍርዴን ሰጠሁ። «ማን ጠየቀህ?» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ልክ ነበረች።

ሬን ጎበዝ ሆናለች። ከአሥር ጥንቸል ሰባቱን ትይዛለች። ስትስት መብራቱን አጠፋለሁ፣ እሷም ትመለሳለች፤ ግን በቀጥታ ወደ እኔ አይደለም። መጀመሪያ በግራዬ በኩል፣ እሳቸው በቆሙበት ቦታ ሄዳ ትቆማለች። መዳፍ ትጠብቃለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ስሟን ብጠራ ወዲያው ትመጣለች፤ በደንብ የተማረች ውሻ ናት። ባትሪው ጀርባዬን እያጎበጠው፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ እቆማለሁ እንጂ አልጠራትም።

ገና ናት።